ጥለቱ ያልተቆረጠው ነጠላ

አባቴ መኪና ለማጠብ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያዘጋጀው ውሃውን ሳይሆን ራሱን ነበር። ሰዓቱን ይፈታል። የጋብቻ ቀለበቱን አውልቆ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ይከታል። የቀበቶው ዘለበት በሩን እንዳይነካ ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ በላዩ ላይ ይለቀዋል። በመጨረሻም የማተቡን መስቀል ከደረቱ ወደ ጀርባው ያዞረዋል፤ ጎንበስ ሲል ተንጠልጥሎ ቀለሙን እንዳይጭር ነው። ልጅ ሆኜ ይህን ሁሉ ሳይ ሊቀድስ የሚገባ ቄስ ይመስለኝ ነበር።

«መኪና የሚጭረው አጣቢው ነው» ይል ነበር። «መንገድ ላይ የሚጫረው ከስንት አንዴ ነው። አጣቢ ግን በየሳምንቱ ይጭራል፤ ያውም እየተመሰገነ።»

ሠላሳ ምናምን ዓመት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነበር። አለቆች ሲሾሙና ሲሻሩ እሱ ያችኑ መሪ እንደያዘ ኖረ። ጡረታ ሲወጣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን መኪና ገዛ፤ ሰዉ ዲኤክስ የሚላትን አሮጌ የቤት መኪና፣ ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ። ጥቁር ነገር ደግሞ ጭረት አይሸሽግም። ነጭ ቢገዛ ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩም ነበር።

የሚያጥብበት መንገድ አንድ ነው፤ አይለወጥም። ፀሐይ ግቢው ውስጥ ሳትገባ፣ ገና ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ይጀምራል። አቧራ በደረቁ አይነካም፤ መጀመሪያ ውሃ ይፈስበታል፣ ከዚያ ትንሽ ይጠበቃል። ባልዲው ሁለት ነው፤ አንዱ የሳሙናው፣ አንዱ ጨርቁ የሚለቀለቅበት። ዱቄት ሳሙና ሳይሟሟ የቀረ ቅንጣቱ ስለሚጭር አይጠቀምም፤ የፀጉር ሻምፖ ነው የሚጨምረው። ከጣሪያው ወደ ታች ይወርዳል፤ እጁን አያዞርም፤ ቀጥ አድርጎ ይስባል። መሬት የወደቀ ጨርቅ የፈለገ ቢለቀለቅ ወደ መኪናዋ አይመለስም፤ ከዚያ በኋላ ደረጃ መወልወያ ነው።

ማድረቂያው የእናቴ ያረጁ ነጠላዎች ነበሩ። ሸማ ብዙ ሲታጠብ ይለሰልሳል፣ ውሃም ይጠጣል። ጥለቱ ግን ተቆርጦ መውጣት አለበት። ያ የሚያብለጨልጨው ክር ለዓይን ወርቅ ቢመስልም ለቀለም ምላጭ ነው። አባቴ ይህን የተማረው ሥራ በጀመረበት ዓመት ነው፤ የአለቃውን ጥቁር መኪና በእናቴ አዲስ ነጠላ አድርቆ፣ በሩን ከዳር እስከ ዳር ጫረው። አለቃው አልተቆጡም አሉ። ጣታቸውን በጭረቱ ላይ አሳለፉ፣ ከዚያ እሱን ቀና ብለው አዩት፣ ገብተው ተቀመጡ። «ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» ይል ነበር አባቴ። እናቴ ደግሞ ይህ ወሬ በተነሳ ቁጥር «እሱስ ለመኪናው አዘነ፣ ለነጠላዬ ማን አዘነ?» ትለውና ይሳሳቃሉ።

ጌጃ ሰፈር የነበረው የቀበሌ ቤታችን ፈርሶ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንገባ ወግ አጥባቂነቱን ይዞት ገባ። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የብሎኩ ኮሚቴ ግቢ ውስጥ መኪና ማጠብን ከልክሏል። አባቴን ግን ዝም አሉት፤ ሁለት ባልዲ ብቻ ነው፣ እሱንም ከራሳችን ጀሪካን ቀድቶ አራት ፎቅ ተሸክሞ ይወርዳል። ምድር ቤት በመስኮቷ ሽንኩርት፣ ሻማና ክብሪት የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። «አባባ፣ ቢሆንልዎት መኪናዋን ተሸክመው ፎቅ አውጥተው አልጋ ላይ ያስተኟት ነበር» ትለዋለች። እሱም «ደረጃው ጠቦኝ ነው» ይላታል።

እናቴ በሞተች ጊዜ ልብሷን ለነዳያን ሰጠን፤ ነጠላዎቿን ግን አባቴ አልሰጥም አለ። አንድ በአንድ፣ ያለፈው ሲያልቅ፣ ጥለታቸውን እየቆረጠ ማድረቂያ አደረጋቸው። የሚያውቁን ሰዎች ነውር ነው አሉ፤ የሟች ልብስ መኪና ይጠረግበታል? እኔ ግን ሲያደርቅ አየው ነበር። ነጠላውን ዘርግቶ ብረቱ ላይ ያሳርፈዋል፣ በመዳፉ ቀስ ብሎ ይዳብሰዋል፣ ከዚያ በሁለት ጫፉ ይዞ ወደ ራሱ ይስበዋል። ነውሩ አልታየኝም። አንዷን ብቻ ጥለቷን ሳይቆርጥ ሻንጣ ውስጥ አስቀመጣት፤ እኔ የተመረቅኩ ዕለት እናቴ የለበሰቻትን፣ ወርቃማ ጥለት ያላትን።

ከዚያ የዓይኑ ሕመም መጣ። የዓይን ግፊት ነው አሉት ሐኪሞቹ፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅለት አሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ትዳሬን ፈትቼ ወደ አባቴ ቤት ተመልሼ፣ ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። አባቴ ከሐኪሙ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ስለ ዓይኑ አንድ ቃል አልተነፈሰም። መንዳት ተወ፤ ግን ተውኩ አላለም። አንድ ሰሞን «የቤንዚን ሰልፉ አይቻልም» አለ፣ ቀጥሎ «ባትሪው ደክሟል» አለ። ባትሪው እውነትም ደክሞ ሞተ። መኪናዋ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ በየቅዳሜው ትታጠብ ጀመር። አንደበቴን የማልገታ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ነገር ግን አፌን ዘጋሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስመለስ የግራውን የኋላ በር አየሁት። ሳሙናው ላዩ ላይ ደርቆ ነጭ ካርታ ሠርቷል። የፊት መብራቱ ሥር ጭቃው እንዳለ ነው። አባቴ ላይ ቤት ተቀምጦ ሬዲዮ ያዳምጣል፤ ፊቱ ሥራውን ጨርሶ ያረፈ ሰው ፊት ነው። በነጋታው ከቅዳሴ ሲመለስ የምድር ቤቷ ጎረቤታችን መስኮት ጋ ቆሞ «እንዴት ናት መኪናዬ?» ብሎ እንደሚጠይቃት አውቃለሁ፤ ሁሌም ይጠይቃታል። እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልም፤ ፊቷ ያጋልጣታል።

ስለዚህ እሑድ ልደታ ለቅዳሴ እንደሄደ ባልዲዬን ይዤ ወረድኩ። ሰንበት መሻሬን አውቃለሁ፤ እናቴ ብትኖር ኖሮ ከነባልዲዬ ታባርረኝ ነበር። የቀረውን አጥቤ፣ የደረቀውን ሳሙና አስለቅቄ፣ እሱ ሳይመጣ ወጣሁ። ጎረቤታችን መስኮቷን ከፍታ አየችኝ፤ እኔም አየኋት። ተግባባን። አባቴ ሲመለስ «እንዴት ናት?» አላት። «እንደ መስታወት ናት አባባ!» አለችው። እውነቷን ነበር። ፎቅ ላይ ሆኜ ሰማሁት፤ ደረጃውን ሲወጣም በአፍንጫው መዝሙር እያንጎራጎረ ነበር።

እንዲህ ሆነን ክረምቱን አሳለፍን። ቅዳሜ እሱ ያጥባል፣ እሑድ እኔ ከኋላው አጥባለሁ። የሚዘለው ቦታ በየሳምንቱ እየሰፋ ሄደ። መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ፣ እሑድ ማታ ልቤ ጠግቦ ነበር የምተኛው። ራሴን ከታዘብኩባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ዘግይቼ ተነሳሁ። የአባቴ ማድረቂያ ጨርቆች ሰገነቱ ላይ ተሰጥተው ደርቀዋል። ቀድሞ ከብዙዎቹ አንዱን እወስድ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ሁለት ብቻ ቀርተውት ነበርና፣ ባረጥባቸው ሲመለስ በእጁ ሲነካቸው ያውቃል። የእጁን ነገር አውቀዋለሁ። ሌላ ጨርቅ ፈለግኩ፤ ፎጣው ሻካራ ነው፣ የእኔ ልብስ ሁሉ ቁልፍና ዚፕ ነው። ሻንጣውን ከፈትኩና የእናቴን ነጠላ አወጣሁ። ጥለቷን አይቻለሁ፤ አልረሳሁም። ጥለቱን ጨብጬ በመሃሉ አደርቃለሁ አልኩ።

ጣሪያውንና በሮቹን በደህና አደረቅኩ። ኮፈኑ ላይ፣ ማለትም የሞተሩ ክዳን ላይ ስደርስ ነጠላ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን እየወጡ በግቢው በር ማለፍ ጀመሩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሉ የለ? የጨበጥኩትን ጥለት ለቅቄ፣ ነጠላውን ዘርግቼ በአንድ ጊዜ ወደ ራሴ ሳብኩት። ድምፅ እንኳ አልነበረውም። ሳነሳው ከኮፈኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው፣ ማበጠሪያ የተሳበበት የመሰለ ቀጫጭን መስመር ተሰልፏል። በጣቴ አሸሁት፣ በምራቄ አሸሁት፤ አልለቀቀም። ነጠላውን እርጥቡን አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ መለስኩና አባቴን ደረጃ ላይ ተቀበልኩት። «እንደ መስታወት ናት አለችኝ» አለ። «አዎ፣ እኔም አይቻታለሁ» አልኩት።

ሳምንቱን ሙሉ ለራሴ ያልኩት አንድ ነገር ነው፤ አያያትም። ይህን በልቤ ማለቴን እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ባልዲውን ላግዝህ ብዬ አብሬው ወረድኩ። ሰዓቱን ፈታ፣ ቀለበቱን ኪሱ ከተተ፣ መስቀሉን ወደ ጀርባው አዞረ። ውሃ አፈሰሰ፣ ጠበቀ። ጣሪያውን ጨርሶ ኮፈኑ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ጨርቁን ባልዲው ውስጥ አስቀመጠና በጣቱ ሄደበት። ተመለሰና በጥፍሩ ሄደበት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ።

«የጥለት ነው» አለ።

«የቱ?» አልኩ እንደ ቂል።

«ይህን ጭረት እኔ አውቀዋለሁ ልጄ። የቷን አወጣሽ? የወርቃማዋን?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«እሑድ። አንተ ቅዳሴ ሆነህ።»

የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ እንዲቆጣኝም ጸለይኩ። እሱ ግን ዓይኑን ወደ ድምፄ አቅጣጫ አድርጎ፣ «እሑድ መኪናዋ ጋ ምን ታደርጊ ነበር?» አለኝ። ጎረቤታችን መስኮቷን ቀስ ብላ ስትዘጋ ሰማሁ። እሱም ሰማ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረና ወደ እኔ መለሰው። አንድ በአንድ ሲገጣጠምለት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

«ስንት እሑድ ሆነ?»

«ከፋሲካ በኋላ ጀምሮ።»

ቆጠረ መሰለኝ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ ገና የምችል መስሎኝ ነበር» አለ።

«ትችላለህ እኮ አባዬ፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚቀርህ...»

«ተይ።»

ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ከተተ። ቀለበቱን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፣ ሰዓቱን አሰረ፣ መስቀሉን ወደ ደረቱ መለሰ። ግማሽ መኪና አጥቦ ሲሄድ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ግድግዳውን በእጁ እየተከተለ ደረጃውን ወጣ፤ የቀረውን እኔ አጠብኩት።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሲደርስ አልጋው ላይ ይቆይ ጀመር። እኔ አጥቤ ስወጣ እንዴት ናት አይለኝም። እሑድ መስኮቱ ጋ ሲደርስም «እንደምን አደርሽ» ብሏት ያልፋል። ይባስ ብሎ ሌላውንም ነገር መጠየቅ ተወ። ሰማዩ ጠርቷል ስለው እጁን በመስኮት አውጥቶ ያረጋግጣል። ሻይህ ስኳር ተጨምሮበታል ስለው መጀመሪያ ፉት ብሎ ይሞክረዋል። ክፉ ቃል አልወጣውም፤ እንዲያው የእኔ ዓይን አይበቃውም ነበር። ዓይኑ ሲደክም የቀረሁለት እኔ ነበርኩ፤ እኔንም አሳጣሁት።

አንድ ቀን ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። «ለጭረቱ ነው?» አለኝ። «ለጭረቱ ከሆነ እኔም በጊዜዬ ጭሬያለሁ።» ለሌላው ነው ማለት ነበረብኝ። ተነስቼ ወጥ ላማስል ገባሁ።

የካቲት ላይ ሳንባው ታመመ። ሐኪም ቤት ሰንብተን ወደ ቤት መለስነው። እኔ ከአልጋው አጠገብ አልጠፋም፤ መኪናዋን ማን ያስባታል? በጋው አቧራ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሳትነካ ቆመች። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትራሱን ሳስተካክልለት ዓይኑን ጨፍኖ፣ «መኪናዋ እንዴት ናት?» አለኝ።

ከጥቅምት ወዲህ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ነገር ነበር። «እንደ መስታወት» የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ለታመመ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ዋጥኩት።

«ቆሽሻለች አባዬ። ሦስት ሳምንት አልታጠበችም። ቀለሟ አይታይም። ልጆች ኮፈኗ ላይ በጣታቸው ጽፈውባታል።»

«ምን ብለው?»

«"እጠቡኝ" ብለው።»

ሳቀ። ሳሉ እስኪያጣድፈው ድረስ ሳቀ። ሳሉ ሲተወው እጄን ፈልጎ ያዘኝና፣ «እንዲህ ንገሪኝ» አለኝ። «ቅዳሜ እጠቢያት እንግዲህ። በደረቁ እንዳትነኪያት።»

አርብ ከሰዓት በኋላ አረፈ።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩ ሰዎች ድንኳን ሊተክሉ መጡ። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ከመኪናዋ መቆሚያ ሌላ ቦታ የለም፤ ትገፋ ተባለ። እኔ ሐዘንተኛ እንደሚያደርገው የእናቴን ነጠላ ጥለቱን ወደ ላይ፣ አንገቴ ሥር አድርጌ ለብሼ፣ ደረጃው አፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ከትናንት ጀምሮ አላለቀስኩም። ሴቶቹ «ይህች ልጅ ደርቃለች፣ ክፉ ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰዎቹ መኪናዋን ገፍተው ጥግ አስያዟት። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጎልማሳ ሰው፣ አቧራዋን አይቶ አዘነ መሰለኝ፤ «የአባባ መኪና እንዲህ ሆና ትቁም?» ብሎ የጋቢውን ጫፍ ሰበሰበና ጣሪያዋን መጥረግ ጀመረ።

«በደረቁ አትንካት!»

ድምፁ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ሰዉ ሁሉ ሲዞር ነው። «በደረቁ አይነካም! ውሃ! መጀመሪያ ውሃ!» እያልኩ ሮጥኩ፤ እንባዬም ያን ጊዜ መጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚሉት ደረሰብኝ። ሰውየው ደንግጦ እጁን እንዳነሳ ቀረ። ሴቶች ሊይዙኝ መጡ። ከእድሩ ሽማግሌዎች አንዱ ግን፣ «ተዉአት። ውሃ አምጡላት» አሉ።

የውሃ ፈረቃው ቀን አልነበረም። ከየቤቱ ግን፣ ከጀሪካን እየተቀዳ፣ ሁለት ባልዲ ሞላ። አንዷ ሻምፖ አመጣች። ነጠላዬን ከላዬ አውልቄ ለምድር ቤቷ ጎረቤታችን ሰጠኋት፤ ጥለቱን ወደ ውስጥ አጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችልኝ። ሰዓቴን ፈታሁ። መስቀሌን ወደ ጀርባዬ አዞርኩ። ውሃ አፈሰስኩና ጠበቅኩ። ከዚያ ከጣሪያው ጀመርኩ፤ እጄን ሳላዞር፣ ቀጥ አድርጌ እየሳብኩ። ኮፈኑ ላይ ስደርስ የጥለቱ መስመሮች ከአቧራው ሥር ወጡ። በአባቴ በቀሩት ሁለት ጨርቆች አደረቅኩት። ድንኳኑን የሚተክሉት ሰዎች መዶሻቸውን አስቀምጠው ቆመው ነበር።

ስጨርስ ጎረቤታችን ቀረብ አለችና ከልማዷ፣ «እንደ መስ...» ብላ ጀመረች። አቋረጠችው። መኪናዋን ቀስ ብላ ዞረቻት፣ ተመልሳም አጠገቤ ቆመች።

«የግራው የኋላ በር ቀርቷል» አለችኝ።

ሄጄ አየሁት። አረፋው በሩ ላይ ደርቋል፤ በእንባዬ ውስጥ አላየሁትም ነበር። ጨርቁን በንጹሁ ውሃ አለቅልቄ ከላይ ወደ ታች አጠብኩት፣ አደረቅኩትም። ከዚያ ነጠላዬን ተቀብዬ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጌ ለበስኩና አባቴን ልንቀብር ሄድን።